የቡና ማጠቢያ ፓምፕ በሻፍቱ በኩል ሲያፈስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያነሱት በጅማ ዙሪያ እሸት ቡና የሚያጥቡ ጣቢያዎች ላይ ፓምፕ የሚያንቀሳቅሱ ኦፕሬተሮች፣ የማኅበራት ሒሳብ ሠራተኞችና አንዳንዴም በሌሊት ከእንቅልፋቸው የተቀሰቀሱ ዘበኞች ናቸው። ከአጋሮም ይምጡ ከሊሙ፣ ከማናም ይደውሉ ከጌራ፣ ነገሩ አንድ ነው፦ ወንዝ ዳር የተተከለ፣ በናፍጣ ሞተር ወይም በመብራት የሚዞር ፓምፕ ሻፍቱ ከአካሉ በሚወጣበት ቦታ ውሃ ያፈሳል። ፓምፑን ለመስኖ ለሚጠቀሙበትም መልሱ አይለወጥም። የጀልባ ጥያቄም ስለሚመጣ መጨረሻው ላይ ተካቷል።

ፓምፓችን በሻፍቱ በኩል ያንጠባጥባል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

ማሸጊያው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይታወቅ ይህን መመለስ አይቻልም። ሻፍቱ ከፓምፑ በሚወጣበት ቦታ በሁለት ቡሎን የሚጠብቅ ክዳን ካለ፣ በክዳኑና በሻፍቱ መካከልም የተጎነጎነ ማሸጊያ ከታየ፣ ያላችሁ ፓኪንግ ነው። ፓኪንግ ፓምፑ በሚሠራበት ጊዜ ማንጠባጠብ አለበት፤ ሲያንጠባጥብ ጤነኛ ነው። የሚጠብቅ ዳዶ ከሌለና ሻፍቱ በቀጥታ ወደ ተዘጋ ብረት የሚገባ ከሆነ ግን ውስጥ ያለው ሜካኒካል ሲል ነው፤ ሁለት የተላጉ ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ተጭነው የሚያሽጉት ማለት ነው። እሱ ለዓይን የሚታይ ጠብታ ማውጣት የለበትም። አዲስ ከተገጠመ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ትንሽ አንጠባጥቦ ሊያቆም ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀጥል ጠብታ የብልሽት ምልክት ነው።

ስለዚህ ያው ጠብታ በአንዱ ፓምፕ ላይ ደህና፣ በሌላው ላይ ችግር ነው። ወደ እኛ ለጥገና ከሚመጡት ፓምፖች ብዙዎቹ የተጎዱት ይህ ልዩነት ባለመታወቁ ነው፦ ማንጠባጠብ የነበረበት ተጠብቆ ተቃጥሏል፣ ማንጠባጠብ ያልነበረበት ደግሞ «ትንሽ ነው» ተብሎ ኩሽኔታውን ይዞ ሄዷል።

ፓኪንግ ለምን ማንጠባጠብ አለበት? ውሃ ማባከን አይሆንም?

ፓኪንግ የሚዞረውን ሻፍት አጥብቆ የሚይዝ የቆመ ነገር ነው። ሁለቱ ሲፋተጉ ሙቀት ይፈጠራል፤ ያን ሙቀት ይዞ የሚወጣውም፣ መሃላቸውን የሚያለሰልሰውም ያቺው የምትንጠባጠበው ውሃ ናት። ለተለመደ የውሃ ፓምፕ በደቂቃ ከ40 እስከ 60 ጠብታ ጥሩ መጠን ነው። ጠብታዎቹ አንድ በአንድ መቆጠር አለባቸው፤ ቀጭን ጅረት ሆነው ከወረዱ በዝቷል።

ስለ ብክነቱ እናስላ። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ስለዚህ በደቂቃ 60 ጠብታ ማለት 3 ሚሊ ሊትር ነው። ፓምፑ 24 ሰዓት ሙሉ ሳይቆም ቢሠራ ከአራት ሊትር ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ይወጣል፤ አንድ ትንሽ ጀሪካን እንኳ አይሞላም። ፓምፑ በየሰዓቱ በሺህ የሚቆጠር ሊትር እየወረወረ አራት ሊትር ላይ መከራከር ትርጉም የለውም። ጠብታው ግቢውን ጭቃ ካደረገባችሁ ከሥሩ ትንሽ ቱቦ አድርጋችሁ ወደ ቦይ ምሩት።

ዳዶውን አጥብቄ ጠብታውን ሙሉ በሙሉ ባቆመውስ?

ለአንድ ሌሊት ያምርባችኋል። ከዚያ የመቃጠል ሽታ ይመጣል፣ ክዳኑ እጅ አያስነካም፣ ፓኪንጉም እንደ ብርጭቆ ደርቆ ይጠነክራል። የጠነከረ ፓኪንግ ማሸጉን ትቶ ብረት መፋቅ ይጀምራል። በሻፍቱ ላይ የተጠለቀው የብረት ልባስ (ስሊቭ) ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ ቦይ ያለበት ስሊቭ ላይ ደግሞ ምርጥ የሚባል ፓኪንግ ብትገጥሙ አይይዝም። ከዚያም በላይ ፓኪንጉ ሻፍቱን ፍሬን እንደያዘው ስለሚያደርገው ሞተሩ ያለ ጥቅም ናፍጣ ይበላል። የመብራት ሞተር ከሆነ የሚስበው አምፔር ከፍ ይላል።

አንድ ዳዶ ማጥበቅ የብዙ ሺህ ብር ስሊቭና ሻፍት ያስበላል ብል ማጋነን አይደለም።

ፓኪንግ እንዴት ይቀየራል?

ኃይሉን በመቁረጥ ጀምሩ። የመብራት ፓምፕ ከሆነ ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሄዶ የነበረ መብራት በድንገት ይመጣል፣ ነገሩን ያላወቀ ሰውም መጥቶ ያበራዋል። ብሬከሩን አውርዳችሁ ቆልፉት፣ ቁልፉም በእናንተ ኪስ ይሁን። የናፍጣ ሞተር ከሆነ ቺንጊያውን አውልቁ ወይም የባትሪውን ገመድ ፍቱ። ከዚያ ቫልቮቹን ዝጉና በፓምፑ ውስጥ ያለውን ውሃ አፍስሱ።

ዳዶዎቹን ፈትታችሁ ክዳኑን ወደ ኋላ ሳቡ። አሮጌውን ፓኪንግ ጫፉ በተጠማዘዘ የፓኪንግ መንቀያ አውጡት። በካቻቢቴ የሚቆፍር ሰው አያለሁ፤ ካቻቢቴው ስሊቩን ይጭረዋል፣ ጭረቱም አዲሱን ፓኪንግ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስንት ቀለበት እንደወጣ ቁጠሩ። በመሃል ዙሪያውን ቀዳዳ ያለው የብረት ወይም የነሐስ ቀለበት ካጋጠማችሁ ከመውጣቱ በፊት ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረ ለኩና ጻፉት። ያ ቀለበት ከውጭ የሚገባውን ንጹሕ ውሃ ለፓኪንጉ የሚያከፋፍል ስለሆነ ሲመለስ ከውሃ መግቢያው ቀዳዳ ትይዩ መሆን አለበት። ብዙ ጊዜ ቦታውን ስቶ ተገጥሞ እናገኘዋለን።

በጣም ያረጀ ፓምፕ ላይ ያለ ግራጫ ፓኪንግ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። ደረቁን አትፈርፍሩት፣ በኮምፕሬሰር አየርም አትንፉት። በውሃ አርሳችሁ አውጡና በፌስታል ቋጥሩት። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚያሳምም ነው።

የፓኪንግ ቤቱን፣ ማለትም ፓኪንጉ የሚቀመጥበትን ቦታ፣ አጽድታችሁ ስሊቩን በጥፍራችሁ ዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለ ፓኪንግ ከመግጠማችሁ በፊት ስሊቩ መቀየር አለበት። ለስላሳ ከሆነ ቀጥሉ።

አዲሱን ፓኪንግ ከስሊቩ ጋር እኩል ውፍረት ባለው ቱቦ ወይም እንጨት ላይ ጠቅልላችሁ በሹል ቢላ ቁረጡ። መጀመሪያ አንድ ብቻ ቁረጡና ሞክሩት፤ ሁለቱ ጫፎቹ ሳይደራረቡና ክፍተት ሳይተዉ ከተገናኙ የቀሩትን በእሱ ልክ ቁረጡ። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ነው የሚገቡት። እያንዳንዱን እስከ መጨረሻው ገፍታችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ ሻፍቱን በእጅ አዙሩት። ሁሉንም በአንድ ላይ ጠቅጥቆ በክዳኑ መግፋት የፊተኛውን ቀለበት ብቻ ያጨናንቃል፤ የኋላዎቹ ሥራ ፈት ይሆናሉ። የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ወደ ላይ ከሆነ የሁለተኛው ወደ ቀኝ፣ የሦስተኛው ወደ ታች፣ የአራተኛው ወደ ግራ ይሁን። መገጣጠሚያዎቹ አንድ መስመር ላይ ከዋሉ ለውሃው መንገድ ከፈታችሁለት ማለት ነው።

ክዳኑን መልሱና ዳዶዎቹን በጣት ብቻ አጥብቁ። ክዳኑ ወደ አንድ ጎን እንዳያዘነብል በሁለቱም በኩል ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን እዩ። ፓምፑን በውሃ ሞልታችሁ አስነሡት። በብዛት ያፈሳል፤ ያፍስስ። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ እያንዳንዱን ዳዶ አንድ ገጽ ያህል ብቻ፣ ማለትም የአንድ ዙር አንድ ስድስተኛ አጥብቁ። አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ድገሙ። ጠብታው ከ60 ገደማ ሲደርስ እጃችሁን አንሱ። በዚህ መሃል ክዳኑ ከሞቀ ፓምፑን አቁሙት፣ ይብረድ፣ ዳዶውን ትንሽ አላልታችሁ እንደገና ጀምሩ። ይህ ሥራ አንድ ሰዓት ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ፓኪንግ ቀይሮ በአምስት ደቂቃ ውስጥ «ጨርሻለሁ» የሚል ሠራተኛ ግማሹን ሥራ ለእናንተ ትቶ ነው የሄደው።

ስንት ሚሊሜትር ፓኪንግ ልግዛ?

ከፓኪንግ ቤቱ የውስጥ ዲያሜትር ላይ የስሊቩን የውጭ ዲያሜትር ቀንሱና ለሁለት አካፍሉ። ቤቱ 60፣ ስሊቩ 40 ከሆነ 20 ይቀራል፤ ግማሹ 10 ሚሊሜትር ነው። በካሊፐር ለኩ። ስሊቩ በተበላበት ቦታ ሳይሆን ባልተነካበት ቦታ ይለካ። የገዛችሁት ትንሽ ከወፈረ በመዶሻ አትቀጥቅጡት፤ ሽመናው ይበተናል። ለንጹሕ ውሃም ለቡና ውሃም ግራፋይት የተቀባ ወይም ቴፍሎን ያለበት ፓኪንግ ይሆናል። ቴፍሎን ሙቀት ቶሎ ስለማያስተላልፍ ሲጠበቅ ይበልጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

አሮጌው ላይ አንድ አዲስ ቀለበት ብደርብበትስ?

ኅዳር ላይ፣ እሸቱ ተከምሮ፣ በሌሊት ከሆነ እስኪነጋ ያደርሳችኋል። ከዚያ ውጭ አይሆንም፤ ከውስጥ የደረቀው አሮጌው ነው፣ አዲሱ የእሱን ሥራ አይሠራለትም። ከመኪና የውስጥ ጎማ የተቀደደ ቁራጭ፣ የጆንያ ቃጫና በግሪስ የተነከረ ጨርቅ ሲወጣም አይተናል። ጨርቁ ሻፍቱ ላይ ከተጠመጠመ ለማውጣት ፓምፑ ሙሉ በሙሉ ይፈታል።

ፓኪንግ በየሁለት ሳምንቱ ያልቅብናል። ጥራቱ ወርዶ ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፓኪንጉ አይደለም። ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ማሸጊያ ብዙውን ጊዜ የሌላ ነገር ጥፋት ተሸካሚ ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምፈልገው።

ሻፍቱን በእጃችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ወዝውዙት። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል። ሻፍቱ እየተንቀጠቀጠ ፓኪንጉን በየዙሩ ስለሚደበድበው ስንት ጊዜ ብትቀይሩት አይጸናም። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ሻፍቱ መጣመሙን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መወዛወዝን በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ለኩ። ለሜካኒካል ሲል ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ መወዛወዝ ብዙ ነው፤ ፓኪንግ ከዚህ ትንሽ የበለጠ ይታገሣል።

ቀጥሎ ቺንጊያ። በናፍጣ ሞተር የሚዞሩ ፓምፖች ላይ ቺንጊያው እንዳይንሸራተት ተብሎ ከልክ በላይ ይወጠራል። የተወጠረ ቺንጊያ ሻፍቱን ቀንና ሌሊት ወደ አንድ ጎን ይስበዋል፤ ፓኪንጉ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቶ ሲወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ያለ ቺንጊያ በካፕሊንግ (የሞተሩንና የፓምፑን ሻፍት ጫፍ ለጫፍ በሚያያይዘው መገጣጠሚያ) የሚገናኝ ከሆነ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በሁለቱ የካፕሊንግ ገጾች ላይ አስቀምጡ፤ ከላይም ከጎንም ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካለ ሞተሩ ከሥሩ መስተካከል አለበት።

እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ውሃውን ተጠራጠሩ። ወንዙ ሲደፈርስ የሚመጣው ደቃቅ አሸዋ ፓኪንጉ ውስጥ ገብቶ ይቀመጥና ስሊቩን ይፈጨዋል። ከላይ የጠቀስኩት ቀዳዳ ያለው ቀለበት ለዚህ ነው የተሠራው፦ በፓኪንግ ቤቱ ውስጥ ካለው ግፊት አንድ ባር ገደማ የሚበልጥ ግፊት ያለው ንጹሕ ውሃ በቀጭን ቱቦ ከተሰጠው ቆሻሻው ወደ ፓኪንጉ አይጠጋም። መስመሩ ያለው፣ ግን በመሰኪያ ተደፍኖ የተረሳበት ፓምፕ ብዙ ነው።

ስሊቩ ከተበላ ቶርኖ ቤት ውሰዱት። ከተቻለ አዲስ ስሊቭ ከማይዝግ ብረት ይሠራላችሁ። ሻፍቱን ራሱን በብየዳ ሞልቶ መላግ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ የብየዳው ሙቀት ሻፍቱን ሊያጣምመው ስለሚችል ከሥራው በኋላ ሳይለካ አትቀበሉ።

የቡና ውሃ ከወንዝ ውሃ ይለያል እንዴ?

በጣም። ወንዝ ላይ ያለው ፓምፕ የሚያገኘው ደለል ነው። እጥበቱን የጨረሰውን ውሃ መልሶ የሚያዞረው ፓምፕ ግን የእሸት ልጣጭ፣ ፍሬው ላይ የነበረውን የሚያዝለገልግ ሙጫና አሲድ ነው የሚያገኘው። ሙጫው ሲብላላ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል፤ ተራ ብረት በዚያ ውስጥ ይበላል። ስለዚህ ለዚህኛው ፓምፕ የማይዝግ ስሊቭ የግድ ነው እላለሁ፤ ለወንዙ ፓምፕ ግን ቢኖር ጥሩ ነው።

ሙጫው ስኳር አለው። ሲደርቅ ይጣበቃል። ይህ ለሜካኒካል ሲል ምን እንደሚያደርግ ከታች ስለ ማቆየት በተጠየቀው ላይ ታገኙታላችሁ።

ሜካኒካል ሲል ምን ያህል ጊዜ ያገለግላል?

በጥሩ ሁኔታ ለዓመታት፤ በደረቁ ከተነሣ ለደቂቃዎች። ውስጡ ሁለት እጅግ የተላጉ ገጾች አሉ፤ አንዱ ከሻፍቱ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቃል፣ ስፕሪንግ ደግሞ አንዱን በሌላው ላይ ይጫናል። በመሃላቸው ለዓይን የማይታይ ስስ የውሃ ሽፋን አለ። ያ ሽፋን ከጠፋ ካርቦንና ሴራሚክ በደረቁ ይፋተጋሉ። ኦፕሬተሩ «አሃ፣ ውሃ የለውም ለካ» ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጨምርበት ደግሞ የጋለው ሴራሚክ ይሰነጠቃል። ፓምፑ በደረቁ ዞሮ ከሆነ አቁሙት፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ ውሃ ሙሉት።

በደረቁ የሚዞርበት ዋናው ምክንያት የፉት ቫልቩ፣ ማለትም በመሳቢያ ቱቦው ጫፍ ወንዝ ውስጥ ሆኖ ውሃው እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቭ፣ አለመያዝ ነው። ሌሊት ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ወንዝ ይመለሳል፣ ጠዋት ማንም ሳያይ ይነሣል። ፉት ቫልቩን በየሳምንቱ ማጽዳት ሜካኒካል ሲል ከመግዛት ይረክሳል።

ፓምፑ ከወንዙ ምን ያህል ከፍ ብሎ መተከል ይችላል? ይህስ ከማሸጊያው ጋር ምን አገናኘው?

ያገናኘዋል፤ በእኛ አገር ደግሞ ይበልጥ። ፓምፕ ውሃ የሚስበው አየሩ ውሃውን ወደ ላይ ስለሚገፋለት ነው። በባሕር ወለል ላይ አየሩ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ይገፋል። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ የሚገፋው 8.3 ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ የቱቦው ፍትጊያና ፓምፑ ራሱ የሚፈልገው ግፊት ሲቀነስ በእጃችሁ የሚቀረው ከአምስት ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከጅማ ከፍ ባለ ቦታ ያለ ማጠቢያ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው ያለው። በፓምፑ ማኑዋል ላይ «7 ሜትር ይስባል» የሚል ካለ በባሕር ወለል ላይ የተለካ ሊሆን እንደሚችል አትርሱ።

ከልኩ በላይ ሲተከል ውሃው ኢምፔለሩ (በፓምፑ ውስጥ የሚዞረው ባለ ክንፍ ጎማ) መግቢያ ላይ ይተንናል፤ አረፋው ሲፈነዳ ውስጡ ጠጠር የገባ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፣ የማሸጊያው ገጾች እየተላቀቁ ይጋጫሉ፣ የካርቦኑ ጠርዝም ይሸራረፋል። ሲከፈት ጠርዙ የተሸራረፈ ካርቦን ካያችሁ ሌላ ከመግዛታችሁ በፊት ፓምፑን ወደ ወንዙ አውርዱት ወይም የመሳቢያ ቱቦውን አወፍሩት።

ሜካኒካል ሲል ስቀይር ምን ልጠንቀቅ?

ንጽሕና። የተላጉትን ገጾች በጣት አትንኩ፤ ከተነኩ አልኮል ባለው፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ። ካርቦኑ ያለበትን ገጽ ወደ ታች አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ የለም። የሻፍቱን ጠርዝ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፣ አለዚያ ጎማው ሲያልፍ ይቀደዳል።

ጎማውን ለማሳለፍ የሳሙና ውሃ ተጠቀሙ። ግሪስ ወይም ዘይት አይቀባም፤ ጎማው ኢፒዲኤም ከሆነ በማዕድን ዘይት ያብጣል። ናይትራይል ወይም ቫይተን ዘይት ይችላል፤ ግን የትኛው እንደሆነ በዓይን መለየት ስለሚያስቸግር ሳሙናው ይበቃል። ሳሙናው ሳይደርቅ ቶሎ ወደ ቦታው አድርሱት።

የቆመው ገጽ በእጅ ግፊት፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚገባው፤ በመዶሻ ከተመታ ይሰነጠቃል። የስፕሪንጉ ርዝመት አምራቹ ባለው ልክ ይሁን፦ በጣም ከተጨመቀ ይቃጠላል፣ ከላላ ያፈሳል። በመጨረሻም ፓምፑን በውሃ ሙሉ፣ አየሩን አስወጡ፣ በእጅ አዙሩና ከዚያ ብቻ አስነሡ።

የተበላው ካርቦኑ ብቻ ነው። እሱን ብቻ መቀየር ይቻላል?

አይቻልም። አሮጌው ገጽ ላይ የተቀረጸ ዱካ አለ፤ አዲሱን በሰዓታት ውስጥ ያበላሸዋል። ጥንዱ አብሮ ይቀየራል።

ፓኪንግ ወይስ ሜካኒካል ሲል፣ የትኛው ይሻላል?

ለደፈረሰ ወንዝ፣ በናፍጣ ለሚዞር፣ ከከተማ ለራቀ ጣቢያ፦ ፓኪንግ። ሲሞት ቀስ ብሎ፣ እያስጠነቀቀ ነው፤ አንድ ጥቅል ፓኪንግ መጋዘን ካለ በሌሊትም ይቀየራል። ሜካኒካል ሲል ሲሰበር ግን በአንዴ ነው፣ ልኩ ጅማ ሱቆች ከሌለ ደግሞ አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። ንጹሕ ውሃ ላለው፣ በመብራት ሞተር ለሚዞርና የተካነ ሰው ላለው ቦታ ሜካኒካል ሲል ይሻላል፤ ጠብታ የለም፣ በየጊዜው ማጥበቅ የለም። አሸዋ ካለበት ሁለቱም ገጾቹ ሲሊከን ካርባይድ የሆነውን ምረጡ። ዋጋው ከካርቦንና ሴራሚክ ይበልጣል፤ ለደለል ግን የበለጠ ይቆማል።

ሻጩ ፓምፕ ሲሸጥላችሁ ስለ ፈረስ ጉልበት ብዙ ይነግራችኋል። ስለ ማሸጊያው ዓይነትና መለዋወጫው የት እንደሚገኝ ጠይቁት።

ልኩን እንዴት አውቄ ልግዛ?

አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የተሰበረም ቢሆን ሁሉንም ቁርጥራጭ። የሻፍቱን ዲያሜትር፣ የቆመው ገጽ የሚገባበትን ቀዳዳ ዲያሜትርና ጥልቀት፣ እንዲሁም የተገጠመበትን ርዝመት ለኩ። የፓምፑን ሰሌዳ በስልክ ፎቶ አንሱ። «የሚመሳሰል አለኝ» የሚል ባለሱቅ ሲያጋጥም ካሊፐሩን አውጡ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ማፍሰስ ነው።

ፓምፑ አያንጠባጥብም፣ ግን ውሃ መሳብ አቆመ። ማሸጊያው ሊሆን ይችላል?

ይችላል። ውሃ ከታች በሚስብ ፓምፕ ላይ ያለቀ ማሸጊያ ውሃ በማስወጣት ፋንታ አየር ያስገባል። ፓምፑ እየሠራ ሻፍቱ በሚወጣበት ቦታ ዙሪያ ውሃ አፍስሱበት፤ ልብሳችሁና እጃችሁ ከሚዞረው ነገር ይራቅ። ውሃ መሳቡ ከተሻሻለ ጥፋተኛው ተገኘ። ካልተሻሻለ የመሳቢያ ቱቦውን መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ በዚሁ መንገድ ፈትኑ።

የቡናው ወቅት ሲያልቅ ፓምፑን እንዴት እናቆየው?

እጥበቱ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ፓምፑ ከዚያ በኋላ ለወራት ይቆማል። የሚጎዳው በዚያን ጊዜ ነው። ሙጫ ያለበት ውሃ በሜካኒካል ሲል ገጾች መካከል ከደረቀ ሁለቱን ያጣብቃቸዋል፤ በቀጣዩ ጥቅምት በኃይል ሲነሣ ካርቦኑ ይገነጠላል ወይም ጎማው ይቀደዳል። «ባለፈው ዓመት ደህና ነበር፣ ሳንነካው ተበላሸ» የሚባለው ይህ ነው።

የመጨረሻው ቡና እንደታጠበ ንጹሕ ውሃ ለግማሽ ሰዓት ያህል አሳልፉበት። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት። ፓኪንግ ካለው ዳዶዎቹን አላሉ፤ እርጥብ ፓኪንግ የተጨመቀበት ስሊቭ ይዝጋል። ኩሽኔታውን ግሪስ ስጡት። በወር አንድ ጊዜ ሻፍቱን በእጅ ጥቂት ዙር አዙሩት። በክረምት፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ማሸጊያውን ፈትታችሁ እዩ፤ ያኔ ቶርኖ ቤቱም ወረፋ የለውም፣ እናንተም አትጣደፉም። መስከረም መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሰው ግን ከሌላ ሃያ ሰው ጋር ነው የሚሰለፈው።

ግልገል ግቤ ሐይቅ ላይ የምንሠራበት ጀልባ አለ። የፕሮፔለሩ ሻፍት ማሸጊያም እንዲሁ ነው?

ሞተሩ ከውስጥ ሆኖ ሻፍቱ የጀልባውን አካል በስቶ የሚወጣ ከሆነ አሠራሩ በአብዛኛው አንድ ነው፦ ፓኪንግ፣ ክዳን፣ ዳዶ፤ ወይም የካርቦን ገጽ ያለው የማያንጠባጥብ ማሸጊያ። አቆራረጡም አገጣጠሙም ከላይ እንዳለው ነው። የሚለየው አደጋው ነው። ማጠቢያ ላይ ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ጀልባ ላይ ወደ ውስጥ። ስለዚህ የሚፈቀደው ጠብታም ያነሰ ነው፦ ሻፍቱ ሲዞር በደቂቃ ጥቂት ጠብታ፣ ሲቆም ከተቻለ ምንም። ጀልባው ሌሊቱን ታስሮ ሲያድር የሚንጠባጠብ ከሆነ ይጠበቅ ወይም ይቀየር። ፓኪንጉን ለመቀየር ጀልባው ከውሃ ይውጣ። ውሃ ላይ እያለ የሚያወጣ አይጠፋም፤ የያዘው ጨርቅ ካመለጠ ግን የሚገባው ውሃ በባልዲ አይቀዳም።

ብዙ ጀልባዎች ላይ የፓኪንግ ቤቱ ከጀልባው ጋር የሚያያዘው በወፍራም ጎማ ቱቦ ነው። ከፓኪንጉ ይልቅ እሱን ፍሩ። በየጫፉ ሁለት ሁለት ማጥበቂያ ይኑረው፣ ከማይዝግ ብረት። ጎማው ከተሰነጠቀ ወይም ሲጫኑት ከላላ ሳይውል ሳያድር ይቀየር። የሞተሩና የሻፍቱ ካፕሊንግ አሰላለፍ የሚለካው ጀልባው ውሃ ላይ ሆኖ ነው፤ መሬት ላይ ሲቀመጥ አካሉ ትንሽ ስለሚለመጥ ልኩ ይለወጣል። በካፕሊንጉ ገጾች መካከል ያለው የክፍተት ልዩነት ለ100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም።

የካርቦን ማሸጊያ ያለው ጀልባ ወደ ውሃ ሲመለስ ውስጡ አየር ይቀራል። ተጣጣፊውን ጎማ በእጅ ወደ ኋላ ጨምቃችሁ ውሃ እስኪመጣ አየሩን አስወጡ፤ አለዚያ በደረቁ ይነሣል፣ መጨረሻውም ከላይ ያየነው የፓምፑ ይሆናል።

የእኛ ሞተር ከኋላ የሚሰቀል ነው። ማሸጊያ የለውም ማለት ነው?

አለው፤ በፕሮፔለሩ ሥር፣ በማርሽ ቤቱ ውስጥ ያለው ኦይል ሲል (ሻፍቱን በጎማ ከንፈር የሚይዝ የዘይት ማሸጊያ) ነው። እሱ ጀልባውን አያሰምጥም፣ ማርሹን ግን ይጨርሳል። ጠላቱ የዓሣ መረብ ክር ነው። ናይለን ክር ከፕሮፔለሩ ጀርባ ሻፍቱ ላይ ተጠምጥሞ እየጠበቀ ይሄድና የማሸጊያውን ከንፈር ይቆርጠዋል። መረብ ከነካችሁ በዚያው ቀን ፕሮፔለሩን አውጥታችሁ ክሩን ፈልጉ። የማርሽ ቤቱን ዘይት ደግሞ ከታችኛው መሰኪያ ትንሽ አፍስሳችሁ እዩት፦ ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቷል፤ ኦይል ሲሉ ሳይቀየር ዘይት ብቻ መቀየር አይጠቅምም። ሲቀየርም ሻፍቱ ላይ ከንፈሩ የቆፈረው ቦይ መኖሩን እዩ። ቦይ ካለ አዲሱ ማሸጊያ ካልተበላው የሻፍቱ ክፍል ላይ እንዲያርፍ፣ ቦታ ካለ፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ይገጠም።